የዋና ስፖርት ውጤት፦ የአካል ቅርጽ ወይስ የልጅነት ልምምድ?

በቀድሞው ኢሉባቦር ወንዝ ብርቅ አይደለም። ሶር በመቱ አጠገብ አልፎ ወደ ገባ ይገባል፤ ገባም ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ባሮ ይሆናል፤ ዴዴሳ ደግሞ በበደሌ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። በእነዚህ ወንዞች ዳር የሚያድግ ልጅ በውኃ መንቦራጨቅን ከታላላቆቹ ይማራል። ይሁን እንጂ መንቦራጨቅና ዋና አንድ አይደሉም። ራሱን ከውኃ በላይ ቀስሮ የሚቀዝፍ ልጅ ወገቡና እግሮቹ ወደ ታች ይሰምጡበታል፤ ገላውም ውኃውን እንደ ግድግዳ ስለሚገፋ ጉልበቱ በከንቱ ያልቃል። ይህ ስልት በረጋ ውኃ ለጥቂት ሜትር ቢበቃም በክረምት ሙላት አያድንም።

ለዋና ውድድር የሚመች የአካል ቅርጽ መኖሩ አይካድም። ረጅም ቁመት፣ ረጅም ክንድ፣ ትልቅ መዳፍና እንደ ልብ የሚታጠፍ ቁርጭምጭሚት ይረዳሉ። የአሜሪካዊው ማይክል ፌልፕስ ቁመት 1.93 ሜትር ሲሆን፣ ክንዶቹ ሲዘረጉ 2.01 ሜትር ይሆናሉ። በ2002 ዓ.ም. አድሪያን ቤጃንና ኤድዋርድ ጆንስ ከባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ዘራቸው ከአውሮፓ የሆነ ሰዎች ዘራቸው ከምዕራብ አፍሪካ ከሆኑት ይልቅ የላይኛው ገላቸው ስለሚረዝም፣ በዋና 1.5 ከመቶ ያህል የፍጥነት ብልጫ እንደሚያገኙ ገምተዋል።

ግምቱ እውነት ነው እንኳ ቢባል ምን ያህል ያስረዳል? በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሎምፒክ ሮቤል ኪሮስ ሀብቴ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋን በ64.95 ሴኮንድ ፈጽሞ የመጨረሻ ሆነ። የውድድሩ አሸናፊ ካይል ቻልመርስ በፍጻሜው 47.58 ሴኮንድ አስመዘገበ። ልዩነቱ 17.37 ሴኮንድ ነው። የአሸናፊው ሰዓት 1.5 ከመቶ ግን አንድ ሴኮንድ እንኳ አይሞላም። አንዳንድ የውጭ ጋዜጦች በዋናተኛው ሰውነት መሳለቅን መረጡ፤ መጠየቅ የነበረበት ግን በስንት ዓመቱ፣ በምን ገንዳ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ተለማመደ የሚለው ነበር።

የሱሪናሙ አንቶኒ ኔስቲ ታሪክ ይህንኑ ያጠናክራል። ኔስቲ በ1981 ዓ.ም. መግቢያ በሴኡል ኦሎምፒክ የ100 ሜትር ቢራቢሮ ቀዘፋን ያሸነፈው፣ በቁመት እጅግ የሚበልጠውን ማት ቢዮንዲን በአንድ መቶኛ ሴኮንድ ቀድሞ ነው። በዚያን ጊዜ አገሩ የነበራት የኦሎምፒክ ልክ ገንዳ አንድ ብቻ ነበር። እርሱም ልምምዱን ያጠናከረው ፍሎሪዳ በሚገኝ ትምህርት ቤት ነው።

በመሆኑም የሰውነት ማጎልመሻ መምህር በ12 ዓመታቸው ረጃጅም የሆኑትን ብቻ መርጦ ሌሎቹን ማስቀረቱ ተገቢ አይሆንም፤ ቀድሞ ያደገ ልጅ ሁሉ ረጅም ሆኖ አይቀርምና። ትምህርቱ በውኃ ውስጥ አየር ከማስወጣት ይጀምራል፤ ከዚያ መንሳፈፍ፣ ቀጥሎም ገላን ዘርግቶ መንሸራተት ይመጣል፤ ቀዘፋ የመጨረሻው ነው። ገንዳ በሌለበት ይህን በበጋ፣ ጥልቀቱ ከልጆቹ ወገብ በማያልፍና ጤና ጣቢያው ከቢልሃርዝያ ነጻ መሆኑን ባረጋገጠው ውኃ፣ ገመድ ዘርግቶና ዋና የሚችል አዋቂ አቁሞ ማስተማር ይቻላል።

ለዕቅድ አውጪዎች ደግሞ ስሌቱ ቀላል ነው። ባለ ስድስት መስመር የ25 ሜትር ገንዳ በየመስመሩ አምስት ልጆች ቢይዝ በአንድ ክፍለ ጊዜ 30፣ በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ ቢሠራ በሳምንት አምስት ቀን 750 ተማሪዎችን ያስተናግዳል።