«ጉድጓድ አለው፤ ውሃውም ተመርምሯል»
ከግዢው በፊት የምርመራ ወረቀቱን ማንበብ

በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በእስቴ መካነ ኢየሱስ ግቢ የሚያሻሽጥ ደላላ «የራሱ ጉድጓድ አለው፤ ውሃውም ተመርምሯል» ካለ የዋጋው ክርክር መልኩን ይለውጣል። ምግብ ቤት፣ አልቤርጎ ወይም ዳቦ ቤት ሊከፍት ለመጣ ነጋዴ ጉድጓድ ማለት የቧንቧ ውሃ ሲቋረጥም የማይዘጋ በር ነው። ለመሆኑ «ተመርምሯል» የተባለበት ወረቀት ምን ይላል?

በቅድሚያ ወረቀቱን ማን እንዳሠራው ማወቅ ይበጃል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ ጉድጓድ ለመቆፈርም ሆነ ከዚያው ለመጠቀም ፈቃድ እንደማያስፈልግ ደንግጓል። ፈቃድ ከሌለ ደግሞ ፈቃድ ሰጪው የሚጠይቀው የምርመራ ውጤት አይኖርም። ስለዚህ ወረቀት ካለ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ በራሱ ፍላጎት ያሠራው ሲሆን፣ ምን ይመርመር ምን ይቅር ብሎ የወሰነውም ያው ሻጩ ነው ማለት ነው።

በአገራችን ስለ ጉድጓድ ውሃ ጉዳት ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ፍሎራይድ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በስምጥ ሸለቆ፣ በተለይም በወንጂ አካባቢ፣ የሰዉን ጥርስ ያበለዘውና አጥንቱን የጎዳው እርሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር ግን ሌላ ነው። ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው ጉና የጥንት እሳተ ገሞራ ሲሆን ዙሪያውም የባዛልት ደጋ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ደጋ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ የሚገኘው ፍሎራይድ ባመዛኙ ዝቅተኛ ነው። ሻጩ «ፍሎራይዱ 0.4 ብቻ ነው» ብሎ ቢመካ፣ ቆላ ወርዶ ውርጭ የለም እንደ ማለት ነው።

በደጋው ከተሞች ይበልጥ የሚያሰጋው ከድንጋዩ ሳይሆን ከሰውና ከከብት የሚመጣው ነው። በወረቀቱ ላይ ሊፈለግ የሚገባው መስመር «ኢ ኮላይ» የሚለው ሲሆን፣ ይህ ተሕዋስ ከተገኘ ዓይነ ምድር ከውሃው ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ የሚፈቀደው ዜሮ ነው። ከ1 እስከ 10 መካከለኛ፣ ከ11 እስከ 100 ከፍተኛ፣ ከ100 በላይ እጅግ ከፍተኛ አደጋ ተብሎ ይመደባል። «ጠቅላላ ኮሊፎርም» የሚለው መስመር ሌላ መሆኑን ልብ ይሏል። ይህኛው ከአፈርና ከቅጠልም ሊመጣ ስለሚችል ብቻውን ሽንት ቤትን አያስከስስም። ሁለቱን አደባልቆ ጥሩውን ጉድጓድ ጥሎ የሚሄድ ገዢ አለ፤ በተቃራኒው ኢ ኮላይ ያልተጻፈበትን ወረቀት ይዞ «ንጹሕ ነው» የሚልም ሞልቷል። ያልተመረመረ ነገር በወረቀት ላይ አይታይም።

ሌላው ወጥመድ ናይትሬት ነው። ከሽንት ቤት፣ ከበረትና ከማዳበሪያ ወደ ጉድጓድ የሚሰርግ ሲሆን፣ ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን በእንዲህ ያለ ውሃ የተበጠበጠ ወተት ቢጠጣ ደሙ ኦክስጂን የማድረስ ችሎታው ይቀንሳል። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ናይትሬቱን በሙሉ የሚለካ ሲሆን ጣሪያው 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ሌላው በውስጡ ያለውን ናይትሮጂን ብቻ የሚለካ ሲሆን የዚህ ጣሪያ 11 ነው። «ናይትሬት 12» የሚል ውጤት በመጀመሪያው መለኪያ ከሆነ የሚያሰጋ ነገር የለውም። በሁለተኛው ከሆነ ግን 12 በ4.43 ሲባዛ 53 ይመጣል፤ ጣሪያውን አልፏል። ቁጥሩ አንድ፣ ፍርዱ ግን ሁለት ነው። ላቦራቶሪውን «በየትኛው ነው የጻፋችሁት?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ገንዘብ አያስከፍልም። ናይትሬትን ማፍላት እንደማያጠፋውም ይታወቅ፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል።

«አልተገኘም» የሚለው ቃልም እንደ ነጻ ማስረጃ መወሰድ የለበትም። ለአርሰኒክ የተቀመጠው ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው። መሣሪያው ከ50 በታች የማያይ ከሆነ «አልተገኘም» ማለቱ አይፈረድበትም። ባንግላዴሽ ውስጥ ሕዝቡ ከተሕዋስ እንዲድን ተብለው የተቆፈሩ ጉድጓዶች ለዓመታት ሲጠጡ ቆይተው አርሰኒክ የተገኘባቸው በ1993 እ.ኤ.አ. ነበር።

ቀኑም ራሱን የቻለ ውጤት ነው። በመጋቢት የተቀዳ ውሃ ስለ ሐምሌ አይመሰክርም፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ የግቢውንም የጎረቤቱንም ጉድፍ ይዞ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳልና። በዚህ ላይ ርቀቱ አለ። ከነፋስ መውጫ እስከ ባሕር ዳር 175 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከወገዳ ደግሞ ይብሳል። ለተሕዋስ ምርመራ የሚቀዳ ውሃ በተቀቀለ ጠርሙስ፣ በበረዶ ሣጥን ተይዞ ቢቻል በ6 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ በአውቶቡስ ላይ ያደረ ውሃ የሚሰጠው ቁጥር ስለ ጉድጓዱ ሳይሆን ስለ ጉዞው ነው።

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ባካሄደው የቤተሰብ ጥናት ኢ ኮላይን ከምንጩም ከቤት ውስጥ መጠጫም እየቀዳ መርምሯል። ለሆቴል ባለቤትም የሚበጀው ይኸው አሠራር ነው፤ ጉድጓዱ ንጹሕ ሆኖ በርሜሉ የሚያስጠይቅበት ጊዜ አለና።

ይህ ሁሉ ሲደመር ወደ ዋጋ ይመለሳል። ኢ ኮላይ መገኘቱ ብቻውን ግዢውን አያፈርስም፤ ክዳን፣ የሲሚንቶ አንገትና ክሎሪን ያስተካክሉታል፤ ወጪውም ከዋጋው ላይ ይቀነሳል። ናይትሬት ከጣሪያው በላይ ከሆነ ግን ክሎሪን አይመልሰውም፤ አፈሩ ጠጥቷልና። በተለይ ሽንት ቤቱ ከጉድጓዱ በላይ በኩል ሆኖ ከ30 ሜትር በታች ከቀረበ፣ ገዢው «ጉድጓድ አለው» ለሚለው ቃል ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ውሉን በበጋ የሚፈርም ሰው ደግሞ ከክፍያው የተወሰነውን እስከ ነሐሴ ምርመራ ድረስ ይዞ እንዲቆይ በውሉ ላይ ቢያስጽፍ ሻጩ ቅር ሊለው ይችላል። ቅር የሚለው ስለ ገንዘቡ ነው ወይስ ስለ ውሃው የሚለውን ያኔ ደላላውን መጠየቅ ነው።