ያውቁ ኖሯል? የጋራዥ ወለል ቀለም የሚላጠው ከሥር ነው

ጋራዥ ሲባል አዲስ አበባ ላይ ትዝ የሚለን መኪና የሚጠገንበት ቦታ ነው፤ አሜሪካ ለሚኖር ወገናችን ግን ከቤቱ ጋር የተያያዘች የመኪና ማደሪያ ናት። ወለሏን ኢፖክሲ የተባለውን ቀለም ቀብቶ በወራት ውስጥ የተላጠበት ሰው ቀለሙን ይረግማል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ኮንክሪቱ ዘንድ ነው። ድንጋይ ቢመስልም ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ከአፈሩ የሚነሳ እርጥበት በእነሱ በኩል ሽቅብ እየገፋ ሽፋኑን ያስለቅቀዋል።

መፈተኑ ቀላል ነው። በየጎኑ 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግተው ዳር ዳሩን በፕላስተር ያሽጉና ቢያንስ 16 ሰዓት ይተዉት። ሲገልጡት ከሥሩ ካላበው ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ፣ የቀለሙን ቆርቆሮ አይክፈቱት።

ጎማም ሌላ ጠላት ነው፦ ከመንገድ ግሎ የገባ ጎማ ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና በደንብ ያልያዘውን ሽፋን ነጥቆ ይነሳል። ኢፖክሲውን ከማጠንከሪያው ጋር ካዋሃዱ በኋላ ደግሞ ባልዲ ውስጥ አያቆዩት፤ በገዛ ሙቀቱ ግሎ እዚያው ይጠጥራል። ኮንክሪቱ አዲስ ሙሌት ከሆነ ቢያንስ 28 ቀን ይታገሡት።