ደብተሩ ሲዘጋ አንጎል ስራ ይጀምራል!

«ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ አደርኩ፤ ፈተናው ላይ ስቀመጥ ግን ሁሉም ብን ብሎ ጠፋ!» ይህን ብሎ የማያውቅ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። እኛ ጥፋቱን በዕድል ወይም በአስተማሪው እናላክካለን። እኔ ግን ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሙጫ ነው። አዎ፣ አንጎላችሁ ውስጥ ስላለው ሙጫ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንጎል ሴሎች በላያቸው ላይ ባሉ አጣባቂ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ይያያዛሉ። ከነዚህ አንዱ ኤን-ካም ይባላል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ያገኙት፣ ቀደም ሲል በሌላ ስራ ኖቤል የተሸለሙት ጄራልድ ኤደልማንና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

«ታዲያ ሙጫን ከትምህርት ጋር ምን አገናኘው?» አትሉም? አዲስ ነገር ስንማር ሴሎቹ የቆየውን መያያዛቸውን ላላ አድርገው አዲስ መገናኛ ይሰራሉ፤ ከዚያ መልሰው ይጠብቃሉ። የሚያላላው ደግሞ ኤን-ካም ላይ የሚንጠለጠል፣ ፖሊሲያሊክ አሲድ የሚባል ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነው።

እንግሊዝ አገር ስቲቨን ሮዝና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን በጫጩት ሞከሩት። በተፈለፈለች ማግስት ያለች ጫጩት መራራ ነገር የተቀባ ዶቃ ጠቅ ታደርጋለች። አንዴ ከቀመሰችው ሁለተኛ አትነካውም። ይህን ከተማረች ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ ኤን-ካምን የሚያግድ አንቲቦዲ አንጎሏ ውስጥ ሲወጓትስ? በማግስቱ ረስታው፣ ያንኑ ዶቃ መልሳ ጠቅ! ውጤቱ የታተመው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ልብ በሉ፣ ትምህርቱ ካለቀ ሰዓታት አልፈዋል፤ አንጎሏ ግን ገና እያጣበቀ ነበር።

ዕድሜስ? በአይጦች ላይ እንደታየው፣ ያ የሚያላላው ሰንሰለት ዕድሜ ሲገፋ እያነሰ ይሄዳል። ያንሳል እንጂ ግን ጨርሶ አይጠፋም!

ይህን ያለ ነገር አላነሳሁም። የአንዲት የማውቃት ልጅ እናት በ47 ዓመታቸው የማታ ትምህርት ጀምረዋል። ልጆቻቸው ሲስቁባቸው ጊዜ «ጭንቅላቴ ዘግቷል፣ ልተወው» ማለት አመጡ። ልጅቷም «እማዬ አንዱን ነገር ሶስቴ ካላነበበች አይገባትም፤ ቢቀርባት አይሻልም?» ብላ አማከረችኝ። እኔም «ሶስቴ አንብበው ከገባቸው እኮ አንጎላቸው እየሰራ ነው! ይልቅ ሳቁን ተዉና ማታ ማታ ደብተራቸውን ይዘሽ ጠይቂያቸው» አልኳት።

መቼም ሰው ጫጩት አይደለም፤ ወደ አንጎላችን ገብቶ ሙጫውን የሚያስተካክል ኪኒንም ከፋርማሲ አይገዛም። አጥንቶ መተኛትና እያሰለሱ መከለስ ግን ለሰውም እንደሚሰራ የታወቀ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ምዕራፍ አንብቡና ተኙበት። ነገ ድገሙት። ከሶስት ቀን በኋላ ደብተሩን ሳትገልጡ ራሳችሁን ጠይቁ። በጫትና በቡና ዓይን አፍጥጦ ማደሩ ይቅርባችሁ። ሙጫ እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋላ!