የገጠሩ ሰው ከተማ ገባ፤ ከተሜው ገጠር ቢገባስ?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ ሻባት ከወጣ በኋላ፣ ኤይን ሀትኽሌት ባለው ቤታችን ከአያቴ ጋር ቁጭ ብለን አንድ የቆየ የአውስትራሊያ ኮሜዲ አየን። “ክሮኮዳይል ዳንዲ” ቁጥር ሁለት ይባላል። ፊልሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ አያቴ ይስቃሉ ብዬ ነበር። ሳቁም። የሳቁት ግን እኔ በጠበቅኩት ቦታ አይደለም።

ላላዩት በአጭሩ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ፊልም የወጣው በ1986 ነው። ሚክ ዳንዲ በሰሜን አውስትራሊያ ጫካና በረሃ ውስጥ፣ አዞ እያደነ የሚኖር ሰው ነው። ሚክን ሆኖ የሚጫወተው ፖል ሆጋን ራሱ ታዋቂ ከመሆኑ በፊት በሲድኒ ትልቁ ድልድይ ላይ የሚሠራ ሠራተኛ ነበር። አንዲት ጋዜጠኛ ሚክን ከአገሩ አንስታ ኒውዮርክ ትወስደዋለች። እዚያ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሰላም ይላል። ሰዉ ደግሞ ዞር ብሎ ያየዋል፤ “ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል?” እንደማለት። ዓለም በዚህ ሳቀ። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ብዙ ገንዘብ ካስገቡት ፊልሞች ሁለተኛው ሆነ።

የኛ ሰው ግን ይህን ለማየት ሲኒማ መሄድ አያስፈልገውም። ከጎንደር ገጠር መጥቶ፣ ናታንያ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ “እንዴት አደራችሁ” ብሎ መልስ ያጣ አባት በየቤቱ አለ። እኛ እዚህ የተወለድነው ልጆች በዚህ ነገር ስቀን ነው ያደግነው። አባቶች ሊፍት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገቡ፣ ሱፐር ውስጥ ዕቃ ሲጠፋባቸው፣ ዕብራይስጡን ሲያጣምሙ እያስመሰልን እንቀልዳለን። በፍቅር ነው የምንቀልደው፤ ክፋት የለበትም። ቢሆንም ታሪኩ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ይቆማል፦ የማያውቅ ሰው ከተማ ገባ፣ ተሳቀበት፣ አበቃ።

በ1988 የወጣው ሁለተኛው ፊልም ግን እዚያ ላይ አይቆምም። አደገኛ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ሚክንና ጋዜጠኛዋን ያሳድዷቸዋል። ሚክ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ጊዜ ከተጋጠማቸው በኋላ ሴቲቱን ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ወንበዴዎቹም መሣሪያቸውን ይዘው ይከተሉታል። እዚያ ሲደርሱ ነገሩ ይገለበጣል። የቀጠሩት ዱካ ፈላጊ፣ የሚፈለገው ሚክ መሆኑን ሲሰማ ጥሏቸው ይሄዳል። የሚክ ወዳጅ የሆኑት ሽማግሌ በግድ መንገድ ምራ ሲባሉ ሆን ብለው ያሳስቷቸዋል። ሚክ ደግሞ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። አሁን ግራ የገባው ከተሜው ነው።

አያቴ የሳቁት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ ከዚህ በፊት ያልሰማሁትን ነገር ማውራት ጀመሩ። ወደ ሱዳን ሲወጡ ሌሊት ሌሊት እንደሚሄዱ፣ ቀን ቀን ከሽፍታና ከወታደር እንደሚደበቁ፣ ውኃ ያለበትን ቦታ እንዴት እንደሚያውቁ፣ ሕፃን እንዳያለቅስ ምን እንደሚደረግ ነገሩኝ። ፊልሙ አልቆ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ እንኳ አላየነውም።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ። “ሚቭጻ ሞሼ” ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እንደቆየ፣ ስምንት ሺህ ገደማ ሰው በአውሮፕላን እንደመጣ፣ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች አራት ሺህ ያህል ወገኖቻችን እንዳለቁ አውቃለሁ። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ እናስባቸዋለን። ቁጥሩን አውቃለሁ፤ የሌሊቱን መንገድ ግን አላውቅም ነበር። ያን መንገድ እኔና ጓደኞቼ ከነፐለፎናችን ብንጣልበት ሁለት ቀን የምንቆይ አይመስለኝም።

ይህን ታሪክ እኛ ካልተናገርነው ሌላ ሰው ይናገረዋል። በ2019 በኔትፍሊክስ የወጣው የቀይ ባሕር መዝናኛ ፊልም የሞሳድ ሰዎች በሱዳን ባሕር ዳርቻ ያደረጉትን ያሳያል። ዋናው ጀግና አሜሪካዊው ክሪስ ኤቫንስ የሚጫወተው የሞሳድ ሰው ነው። ፈረደ አክሉምን መነሻ ያደረገው ሰው ከጎን ነው የቆመው፤ ስሙም “ከበደ” ተብሏል። የዳንዲ ፊልምም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም። ሚክ የጫካውን ዕውቀት ያገኘው ካሳደጉት የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ነው፤ ጀግና የተባለው ግን እሱ ነው። ዕውቀቱ የሌላ፣ ስሙ የሌላ።

በራሱ አፍ የተናገረ ሰው ደግሞ አለን። ዮሲ ቫሳ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር በእግሩ ሱዳን የገባ ልጅ ነው። “በአማርኛ ሲሆን የበለጠ ያምራል” በሚለው የብቻ ተውኔቱ እየሳቀና እያሳቀ ያን መንገድ መድረክ ላይ አወጣው። ከሻይ ቤን አታር ጋር የሠራው “ነፍሱ” የተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲም በ2018 ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት አግኝቷል። ሳቅ ሁልጊዜ ማዋረድ አይደለም ማለት ነው፤ ቁም ነገሩ ማን በማን ላይ ይስቃል የሚለው ነው።

ስለዚህ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። የልጅ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት “ሾራሺም” የሚባለውን የቤተሰብ ታሪክ ሥራ ይዞ ሲመጣ፣ መቼ መጣችሁ፣ ምን ከበዳችሁ ብሎ ይጠይቃችኋል። እሱን መልሱለት። ከዚያ ግን ያልጠየቃችሁንም ጨምሩለት። ምን ታውቁ ነበር? ማን መራችሁ? በየትኛው ኮከብ ሄዳችሁ? ፐለፎኑን ከፍቶ ድምፃችሁን ይቅዳ። ብዙዎቻችሁ ልጁ አይገባውም ብላችሁ፣ ወይም ሐዘኑን ላለመቀስቀስ ዝም እንደምትሉ አውቃለሁ። እኛም ዝምታችሁን የሚነገር ነገር እንደሌለ አድርገን ነው የወሰድነው፤ ጥፋቱ የኛም ነው።

ፊልሙ በ2001 የወጣ ሦስተኛም አለው፤ ሚክ እንደገና ከተማ፣ ሎስ አንጀለስ ይገባል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማታ እሱን እንይ ስላቸው አያቴ አልፈለጉም። ሁለተኛውን ገና አልጨረስንም አሉኝ።