የድንጋይ እርከን በዝናባማ ደጋ ያዋጣል?

በየዓመቱ በበጋው ወራት የደቡብ ጎንደር ደጋ አርሶ አደሮች ዶማና አካፋ ይዘው ለአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ይወጣሉ። ድንጋይ ተሸክመው፣ እርከን ሠርተው ይመለሳሉ። ይህ ጉልበት ለባለማሳው ያዋጣዋል ወይ? ጥያቄውን በቁጥር መመለስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የአካባቢና የተፈጥሮ ሀብት ምጣኔ ሀብት ይባላል።

በዘርፉ ከሚታወቁ ኢትዮጵያውያን ምሁራን አንዱ ዶክተር ምናለ ካሴ ናቸው። የዶክትሬት ትምህርታቸውን በኖርዌይ ተከታትለዋል፤ ኋላም ናይሮቢ ላይ በዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከላት ሠርተዋል። ትምህርቱ ባሕር ማዶ ይኹን እንጂ ጥያቄያቸው የተነሣው ከአገር ቤት ማሳ ነው።

ከባልደረቦቻቸው ጋር በፈረንጆቹ 2008 ያሳተሙት ጥናት በአማራና በትግራይ ደጋዎች የድንጋይ እርከን ያለባቸውንና የሌለባቸውን ማሳዎች አነጻጽሯል። ማነጻጸሩ ቀላል አይደለም። እርከን በአብዛኛው የሚሠራው በተዳፋትና በተጎዳ መሬት ላይ በመኾኑ፣ ምርቱ ቢያንስ ጥፋቱ የእርከኑ ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ በይዞታቸው የሚቀራረቡ ማሳዎች እየተጣመሩ ታዩ። በውጤቱም ዝናብ አጠር በኾነው አካባቢ እርከን ያለበት ማሳ የተሻለ ምርት ሲሰጥ፣ ዝናብ በሚበዛበት ግን ይህ ብልጫ አልታየም።

ምክንያቱን የፋርጣ አርሶ አደር ከማንም በላይ ያውቀዋል። እርጥበት በሚያጥርበት ምድር እርከን ውኃ ያቆያል፤ በዝናባማው ደጋ ግን ችግሩ የውኃ መብዛት ነው። ለዚህም ነው ገበሬው በየክረምቱ በማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣው። እርከኑ ራሱ የሚይዘው መሬትም አለ፤ አንድ ጥማድ ላላት እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ታዲያ እርከን ይቅር ማለት ነው? አይደለም። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው በፎገራ ሜዳ በኩል ጣና ይገባሉ። ላይ የታጠበው አፈር ታች ደለል ይኾናል። ወጪው የፋርጣ፣ ጥቅሙ ግን የፎገራና የሐይቁም ጭምር ነው። ይህ ጥቅም በአንድ ማሳ ምርት ስለማይለካ፣ ባለማሳውን “ያዋጣሃል” ብሎ ብቻ መቀስቀስ ለእኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ቢያንስ እርከኑ ላይ ደሾ ሣር ወይም ትሪ ሉሰርን ቢተከል፣ የተያዘው መሬት ለከብቶቹ መኖ ይሰጣል፤ ትርፉ ውኃውን የሚያስወጣ ቦይም ከእርከኑ ጋር አብሮ ሊታቀድ ይገባል።