የወግ በቅሎና የጭነት አህያ
ከኮኪት የሰሊጥ ማሳ ሲታይ የተሽከርካሪ ምርጫ የማን ጥያቄ ነው?

በቀድሞው የባላባት ሥርዓት የአንድ ሰው ማዕረግ ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ የሚቀመጥበት እንስሳ እንደነበር ይታወቃል። ባለ ርስቱ ባጌጠች ሠጋር በቅሎ ላይ ተቀምጦ ሎሌዎቹን ከፊት አስቀድሞና ከኋላ አስከትሎ ሲያልፍ፣ ወደ ጎተራው የሚገባውን እህል ተሸክማ ዳገቱን የምትወጣው አህያ ነበረች። በቅሎይቱ ትወደሳለች፤ አህያይቱ ትደበደባለች። ይሁን እንጂ በቅሎይቱ ለአንድ ቀን ከቤት ብትውል የሚጓደለው የጌታው ወግ ብቻ ሲሆን፣ አህያይቱ ብትውል ግን የሚጓደለው የቤቱ እንጀራ ነበር።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጦ በቅሎውም አህያውም ባለ ሞተር ሆነዋል። ጥያቄው ግን አልተለወጠም። በአንድ በኩል ለፍጥነት፣ ለድምፅና ለዓይን ተብለው የሚሠሩ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚያስቀምጡና ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ ከፍ የማይሉ የስፖርት መኪኖች አሉ። በሌላ በኩል ሰው፣ እህል፣ ውኃና ሕመምተኛ የሚያመላልሱ፣ መልካቸው የማያስደንቅ የዕለት ተዕለት ተሽከርካሪዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱን መምረጥ የግል ጣዕም ጉዳይ ብቻ ነው፣ ገንዘብ ያለው የወደደውን ይግዛ የሚሉ ወገኖች አይታጡም። እኛ ግን ይህ አስተሳሰብ ከመሠረቱ መመርመር ይገባዋል እንላለን። ምክንያቱም በአገራችን ተጨባጭ ሁኔታ ማንኛውም መኪና፣ ከውጭ ተሠርቶ ቢመጣም እዚሁ ቢገጣጠም፣ ቢያንስ በከፊል በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ነው። የውጭ ምንዛሪ ደግሞ ከሰማይ የሚወርድ መና ሳይሆን የአንድ የታወቀ አምራች ክንድ ውጤት ነው። ከእነዚህ አምራቾች መካከል አንዱ የሚኖረው በኮኪት ነው።

ኮኪት በምዕራብ ጎንደር፣ ከአዘዞ ተነሥቶ በገንዳ ውኃ በኩል ወደ መተማ ዮሐንስና ወደ ሱዳን ወሰን በሚዘልቀው መንገድ ላይ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት። አካባቢው የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። ሰሊጥ ለረጅም ዓመታት ከቡና ቀጥሎ ከፍተኛ የውጭ ምንዛሪ ካስገኙልን የግብርና ምርቶች አንዱ ሲሆን፣ በዓለም ገበያ ስም ያተረፈው የሑመራና የጎንደር ዓይነት ነጭ ሰሊጥም የሚበቅለው በዚሁ የምዕራብ ቆላ ነው። እንግዲህ በአዲስ አበባ አደባባይ የሚያብለጨልጨው መኪና ዋጋው በዶላር ይከፈል እንጂ፣ ከዶላሩ ውስጥ ከፊሉ በመጀመሪያ የሰሊጥ ነዶ እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

ይህ ነዶ እንዴት ወደ ዶላር እንደሚለወጥ በቅርብ ማየት ለጉዳያችን ወሳኝ ነው። የቆላው ጥቁር ዋልካ አፈር በበጋ ተሰንጥቆ እግር ያስገባል፤ በክረምት ደግሞ ጎማ ይዞ አይለቅም። ዝናቡ ከጣለ በኋላ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ እርሻው መግባት የሚቻለው በአብዛኛው በትራክተር ነው። በመሆኑም ትራክተሩ የሚያርስ መሣሪያ ብቻ አይደለም። ተሳቢውን ቀጥሎ የቀን ሠራተኛውን ወደ ማሳው የሚያደርስ አውቶቡስ፣ የመጠጥ ውኃ በበርሜል የሚያቀርብ ቦቴ፣ በወባ የሚንቀጠቀጠውንም ወደ ዋናው መንገድ የሚያወጣ ቃሬዛ ነው። ትራክተር የሌለው አነስተኛ ገበሬ ደግሞ ካለው ይከራያል። የኪራዩ ተራ ሲዘገይበት የዘሩ ጊዜ ያልፍበታል።

የአጨዳው ወቅት ሲደርስ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። ሰሊጥ የማይታገሥ ሰብል ነው። ፍሬው ደርሶ ቆባው ከተከፈተ በኋላ የዘገየ ገበሬ ምርቱን የሚያገኘው በነዶው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ረግፎ ነው። ስለሆነም ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ጥቂት ሳምንታት እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ከደጋው ወርዶ በቆላው ይሰማራል። ይህ ሠራተኛ ወባ ያልለመደው፣ ካላዛር በምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚነደፍ፣ ከዛፍ ሥር የሚያድር ወገን ነው። ያን ጊዜ አንድ ለሥራ የተዘጋጀ ተሽከርካሪ በሰዓቱ መድረሱ ወይም አለመድረሱ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ሰሊጡ ይረግፋል ወይስ ይሰበሰባል? ሕመምተኛው ይተርፋል ወይስ ይቀራል? ጥያቄው ይህ ነው።

ቅራኔው ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሰሊጡን የሚያወጣው ትራክተር ተራ እየተጠበቀ ይገኛል፤ ሰሊጡ የሚያስገኘው ምንዛሪ ግን ሰሊጥ ሊጭን ቀርቶ ኮረኮንች እንኳ ሊረግጥ በማይችል ጌጥ ላይ ሲውል ይታያል። የወግ በቅሎው የሚገዛው የጭነት አህያው በተሸከመው እህል ነው። «አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል» የሚለው የአባቶች ብሂል የሚገሥጸው ይህንን ግብዝነት ነው።

የተሽከርካሪ ታሪክ ራሱ የሚያስተምረን ብዙ ነው። በ1900 ዓ.ም. አንድ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ ነገሩ ለቤተ መንግሥቱ ግርምት ሆነ። በቀጣዩ ዓመት በ1901 ዓ.ም. በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው የፎርድ ሞዴል ቲ ግን ሌላ ዓላማ ነበረው። በጭቃ መንገድ የሚሄድ፣ ገበሬው ራሱ የሚጠግነው፣ ሲያስፈልግም የኋላ ጎማው ተነሥቶ የእንጨት መሰንጠቂያና የውኃ መሳቢያ የሚያዞር መኪና ነበር። እስከ 1919 ዓ.ም. ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተመረተ። በ1941 ዓ.ም. በፓሪስ ትርኢት ላይ የቀረበው ሲትሮየን 2 ሲ ቪ ለመሐንዲሶቹ የተሰጠው ትእዛዝም የታወቀ ነው። ይኸውም ሁለት ገበሬዎችንና 50 ኪሎ ድንች እንዲጭን፣ በታረሰ ማሳ ላይ ሲሄድም በቅርጫት ያለ እንቁላል እንዳይሰበር የሚል ነበር። ጋዜጠኞች በመልኩ ተሳለቁበት፤ ገበሬው ግን ወረፋ ይዞ ገዛው። ሞተሩ ከመሠራቱ በፊት ተጠቃሚው ተለይቶ ታውቆ ነበርና።

በአገራችንም ታሪክ ያዘጋጀው አንድ ትዕይንት አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሮልስ ሮይሶች የነበሯቸው ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በአንዲት ትንሽ ቮልስዋገን ነበር። የታይታ ሠረገላ ሥልጣንን ያስጌጥ ይሆናል እንጂ እንደማያጸና ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ከዚያ ወዲህ በየዘመኑ የመጣው ሹምም በየፊናው የራሱን የወግ በቅሎ ከመፈለግ አልቦዘነም። የሕዝብ ወግ ለዚህ ምስክር ነው፤ በቅርቡ ዘመን «ቪ ኤት» የሚለው ቃል የሞተር ዓይነት መሆኑ ቀርቶ የሹመት ስም እስከ መሆን ደርሷል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ጠንካራ የሆነ ሁሉ ጠቃሚ ነው ማለታችን አይደለም። የመተማ ምድር ራሱ በዚህ ረገድ አንድ ትምህርት አስተምሯል። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በወቅቱ በፋሺስት ኢጣሊያ እጅ የነበሩትን ገላባትንና መተማን ለመያዝ ማጥቃት ሲጀምር አሥራ ሁለት ታንኮች አሰልፎ ነበር። የገላባት ምሽግ ተያዘ። ነገር ግን አብዛኞቹ ታንኮች በፈንጂና በአካባቢው ቋጥኝ ሰንሰለታቸው ተበጥሶ ቆሙ። መለዋወጫ የጫነው ካሚዮን ደግሞ በአውሮፕላን ቦምብ ተመታ። በዚህም የተነሣ መተማ ሳይያዝ ቀረ። ከዚህ የምንረዳው ብረቱ የቱንም ያህል ቢጠነክር የሚሄድበትን መሬት ካላወቀና መለዋወጫው አጠገቡ ከሌለ ከቆመ ድንጋይ የማይለይ መሆኑን ነው።

ስለዚህ አንድን ተሽከርካሪ ከመግዛት በፊት፣ ገዢው ግለሰብም ሆነ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት፣ ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይገባዋል እንላለን።

አንደኛ፣ ማንን ያገለግላል? ያው ባለ አራት ጎማ መጎተቻ ላንድ ክሩዘር በወረዳ ጤና ጣቢያ ደጃፍ አምቡላንስ ሆኖ ሲቆም የወላድ ሕይወት ያተርፋል። በዋና ከተማ አስፋልት ላይ አንድ ሰው ብቻ ይዞ ከቢሮ ወደ ቤት ሲመላለስ ደግሞ ጌጥ ነው። ጥቅሙን የሚወስነው ብረቱ ሳይሆን የተመደበበት ተግባር ነው።

ሁለተኛ፣ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? በኮኪት ጎዳና ላይ ያለ ጎሚስታና መካኒክ ባሌስትራ ይቀይራል፣ ፍሪሲዮን ያስተካክላል። ኮምፒዩተር ካልተሰካበት የማይነሣ የእሽቅድምድም ሞተር ግን ለእርሱ የተቆለፈ ሣጥን ነው። መካኒኩ የማያውቀው መኪና የባለቤቱ ሀብት ሳይሆን የባለቤቱ ዕዳ ነው።

ሦስተኛ፣ በምን መንፈስ ይነዳል? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ለሥራ የተሠራ ተሽከርካሪም በእሽቅድምድም መንፈስ ሲነዳ የታይታ መኪና ይሆናልና። ጭነት ይዘው እንደ ነፋስ የሚከንፉትን መካከለኛ የጭነት መኪናዎች ሕዝቡ በአንድ ወቅት በአሸባሪ ቡድን ስም ይጠራቸው እንደነበር እናስታውሳለን። ከአዘዞ ወደ ቆላው የሚያወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት የፍጥነት መድረክ አይደለም። ሰሊጡን በአንድ ሰዓት ቀድሞ ለማድረስ ሲባል ረዳቱና ተሳፋሪው ቢጠፉ ትርፉ የማን ነው?

እዚህ ላይ ተቃውሞ ሊቀርብብን እንደሚችል እናውቃለን። «ታዲያ ደስታ ለሠራተኛው ተከልክሏልን? ወጣቱ ፍጥነትንና ውበትን ሊወድ አይገባውምን?» ይባል ይሆናል። መልሳችን ግልጽ ነው። ደስታ የባለጸጋ ብቻ ንብረት አይደለም። የባጃጅ ሹፌሩ ወጣት ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪውን በጥብጣብና በመስተዋት ሲያስጌጥ፣ በሚወደው ዜማም ሲታጀብ ስናይ ደስ ይለናል እንጂ አንነቅፈውም። ጌጡ ሥራውን አላስተጓጎለበትምና። የሚሠራበትን መሣሪያ የሚወድ ሰው መሣሪያውን ይጠብቃል። የምንነቅፈው ደስታን ሳይሆን፣ የአንዱ ደስታ በሌላው ወረፋ ሲገዛ ነው።

በፖሊሲ ረገድም ጥያቄው ያለ መልስ አልቀረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ የሞተሩ መጠንና የመኪናው ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ግብሩም እንዲጨምር አድርጓል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገለጸ። ውሳኔው መሠረት አለው። ነዳጅ በሙሉ ከውጭ የምንገዛ አገር ነን። የኮኪት ነዋሪም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የሱዳን ቤንዚን የጫኑ ቦቴዎች በደጃፉ ሲያልፉ አይቷል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ያው መንገድ በስደተኞች ተሞላ። በሌላ አገር ቧንቧ ላይ የተንጠለጠለ ሞተር ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ይህ ያሳያል። በአንጻሩ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ኃይል የራሳችን ነው።

ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ከሦስቱ ጥያቄዎች አያመልጥም። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የተዘረጋው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር የሚያልፈው በዚሁ ቆላ ላይ ነው። መስመሩ ከራስ በላይ ማለፉ ብቻውን ግን የገበሬውን ተሽከርካሪ አያንቀሳቅስም። ወደ መሬት መውረድ፣ ባትሪ መሙያ መሆን፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ባትሪውን የሚያውቅ መካኒክ ማፍራት ይኖርበታል። አዲሱ ሞተር የሚያገለግለው የከተማውን ቅንጡ ብቻ ከሆነ፣ ጭስ የሌላት የወግ በቅሎ ተገኘች ከማለት በቀር ምንም አልተለወጠም።

ከላይ ለመዳሰስ እንደሞከርነው ተግባሩ በሁለት አቅጣጫ የሚከናወን ነው። በሰሊጡ ጥሩ ዓመት የገጠመው አምራች የመጀመሪያውን ትርፍ በከተማ በሚቆም አውቶሞቢል ላይ ከማዋል ይልቅ ከጎረቤቱ ጋር ተማክሮ ትራክተርና ተሳቢ ቢያቆም፣ በሚቀጥለው ክረምት ወረፋ አይጠብቅም። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም የትራክተር ኪራዩን ራሳቸው በተራና በፍትሕ ቢያከናውኑ፣ ለአጨዳው ወቅት የተዘጋጀ የሕመምተኛ ማጓጓዣም ቢመድቡ፣ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ በሰላም ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። በከተማ ያለነውም፣ መኪና የምንገዛም ሆንን መኪና እንዲገዛ የምንፈርም፣ ቀለሙንና ድምፁን ከማድነቃችን በፊት ምንዛሪው ከየት እንደመጣ እንጠይቅ።

የሰሊጥ ቆባ ከተከፈተ በኋላ ማንንም አይጠብቅም። በዚያች ሰዓት ዋልካውን ሰንጥቆ ወደ ማሳው የሚደርሰው ሞተር የቱ ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ተሽከርካሪ፣ መልኩ የቱንም ያህል ተራ ቢሆን፣ የአገራችን ምርጥ መኪና እርሱ ነው።