ስድሳ ሊትር ባሕር በሳንሱሲ

አዲስ አበባ ሳንሱሲ ሰፈር ውስጥ ጨው የማይሸጥ ሱቅ አይገኝም። ስለዚህ የባሕር ዓሣና ኮራል ቤቱ ውስጥ ማኖር የተመኘ፣ ኪሱ ግን እምብዛም ያልሞላ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ይታወቃል፤ የቧንቧ ውኃ ቀድቶ የሱቅ ጨው ማሟሟት። ሂሳቡም ያጓጓል። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ ለ60 ሊትር 2 ኪሎ ከ100 ግራም ይበቃል ማለት ነው። ዋጋው የአንድ ኪሎ ሽሮ አይደርስም። ኮራል ግን በዚያ ውኃ ውስጥ አይኖርም።

በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ ክሎራይድና ሶዲየም አብረው 30 ግራም ያህል ይሆናሉ፤ ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በቀረው 5 ግራም ውስጥ 2.7 ግራም ሰልፌት፣ 1.3 ግራም ማግኒዚየም፣ 0.4 ግራም ካልሲየም፣ የዚያኑ ያህል ፖታሲየምና ጥቂት ባይካርቦኔት አለ። ድንጋያማው ኮራል አፅሙን የሚገነባው ከዚህ ትርፍራፊ፣ በተለይ ከካልሲየሙና ከባይካርቦኔቱ ነው። ችግሩ እነዚህ ነገሮች ከገበታ ጨው ጋር አብረው አለመምጣታቸው ነው። የባሕር ውኃ ፀሐይ ላይ ሲተን መጀመሪያ የሚዘቅጠው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ጂፕሰም ይከተላል። ውኃው ከነበረበት ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ የገበታው ጨው መጣል ይጀምራል፤ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ደግሞ እስከ መጨረሻው ጠብታ ድረስ ውኃው ውስጥ ይቆያሉ።

ይህን ቅደም ተከተል በዓይኑ ማየት የሚፈልግ አፋር መሄድ ነው። የደናክል ዝቅተኛ ምድር በአንድ ወቅት የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። ባሕሩ ለመጨረሻ ጊዜ ገብቶ የወጣው ከዛሬ 120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ በሸለቆው ዳርቻ ያኔ የነበረው የኮራል ሪፍ ዛሬም ደርቆና ነጥቶ ቆሟል። ጂፕሰሙም በዚያው አካባቢ አለ፤ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል በሚወርደው ወለል ላይ አሞሌ የሚቆረጥበት ጨው ተዘርግቷል፤ ዳሎል ዘንድ ፖታሽ ይገኛል። አንድ ባሕር በየዓይነቱ ተለይቶ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። ከእነዚህ አንዱን ብቻ አንስቶ ውኃ ውስጥ መበጥበጥ ባሕሩን አይመልሰውም። የአኳሪየም ሰዎች በከረጢት የሚገዙት የባሕር ጨው ሁሉንም በመጠን አዋሕዶ የተሠራ ነው፤ በጀት ሲወጣ የማይነካው የመጀመሪያው መስመርም እሱ ነው።

በአኳሪየም ዘርፍ የሚታወቁ ባለሀብቶች ለአንድ ገንዳ ብዙ ሺህ ዶላር ማፍሰሳቸው እውነት ነው። ነገር ግን የሪፍ አኳሪየም ታሪክ ከርካሽ ነገር ጋርም የተያያዘ ነው። በ1961 ጃካርታ ይኖር የነበረው ኢንዶኔዥያዊው ሊ ቺን ኤንግ አንድ የአሜሪካ የዓሣ መጽሔት ላይ ዘዴውን አስነበበ። ውስብስብ ማጣሪያ አልነበረውም፤ ከባሕር ከነሕይወቱ የወጣ ድንጋይ፣ የባሕር ውኃ፣ የፀሐይ ብርሃንና አየር የምትነፋ ትንሽ ፓምፕ ብቻ። ድንጋዩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ይበሉ ነበር። ዛሬም በመላው ዓለም ያሉ የሪፍ ገንዳዎች የሚቆሙት በዚሁ መርህ ላይ ነው፤ የተጨመረው አብዛኛው ዕቃ ምቾት ነው።

ሊ ባሕሩ ደጁ ነበር። ከመሃል አዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ወጣ ብሎ በኮልፌ ቀራንዮ ያለው ሳንሱሲ ግን ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሰፈር ነው። ውኃውን ከጅቡቲ በጀሪካን ማስጫን የሚያስቡ አይጠፉም። የወደብ ውኃ ከመርከብ ዘይትና ከፍሳሽ ጋር ስለሚገናኝ ለኮራል አይታመንም፤ ከዚያም በላይ 2 ኪሎ ዱቄት ይዞ መምጣት ሲቻል 60 ኪሎ ውኃ መሸከም ትርፉ ድካም ነው።

ገንዳው ራሱ ርካሹ ክፍል ነው። መስታወት ቤት ሄዶ ባለ 8 ሚሊሜትር መስታወት በ60፣ በ35 እና በ35 ሴንቲሜትር ማስቆረጥና በሲሊኮን ማያያዝ ይቻላል። ከ70 ሊትር ትንሽ በላይ ይይዛል፤ ድንጋይ ሲገባበትና ከላይ ጥቂት ሲጎድል 60 ሊትር ውኃ ይቀራል። ሲሊኮኑ ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ ሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት መሆን የለበትም፤ መከላከያው የባሕር እንስሳትንም ይገድላል። ሁሉም ነገር ተሟልቶ ሲሞላ 100 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን የቴሌቪዥን ጠረጴዛ አይችለውም። ወለሉ ላይ አሸዋ አለማልበስም ይቻላል። የግንባታ አሸዋ ማልበስ ግን አይገባም፤ ሲሊካው ቡናማ አልጌ ይጠራል። ፕሮቲን ስኪመር የሚባለውን አረፋ አውጪ ማሽንም ለዚህ መጠን መዝለል ይቻላል፤ በየሳምንቱ ውኃ መቀየር ይተካዋል።

ለድንጋዩ ደግሞ አገሪቱ ደህና አድርጋ ሰጥታለች። የዓባይ በረሃ ገደል ደጀን አካባቢ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ምድሪቱን የሸፈነ ባሕር የተወው ነው። ድንጋዩ እውነተኛ የኖራ ድንጋይ ስለመሆኑ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ ማውጣቱ ይመሰክራል። የብረት ዝገት የሚመስል መስመር ያለበትን መተው ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ባክቴሪያው የሚሰፍረው እዚያ ነው።

ውኃው ላይ ቁጠባ አያዋጣም። ከቧንቧ የሚመጣው ክሎሪን አለው፤ ፎስፌትና ናይትሬት ሊኖረውም ይችላል፤ ሰው ያለ ጉዳት የሚጠጣው መጠን አልጌን ያፋፋል። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያ ይህን ያስወግዳል። ብዙ ቤቶች ለመጠጥ የሚገጥሙት ዓይነት ለመነሻ ይሆናል፤ ለጣዕም ብሎ ማዕድን መልሶ የሚጨምረውን ክፍል ግን ማውጣት ያስፈልጋል። ማጣሪያው ግፊት ይፈልጋል፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግፊቱ ባለበት ሰዓት አጣርቶ በንጹሕ ጀሪካን ማጠራቀም ነው። የክረምቱ ዝናብስ? ከሰማይ በቀጥታ በፕላስቲክ ሸራ የተቀበሉት ከሆነ መጥፎ አይደለም። ከጣራ የወረደው ግን አደጋ ነው። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዝናብ ያንን ዚንክ እያጠበ ያወርዳል፤ ሽሪምፕና ኮራል በጥቂቱም ይመረዛሉ። መዳብም እንዲሁ ነው።

ከፍታው የሚያመጣውን ጣጣ በባሕር ዳርቻ አገሮች የተጻፉ መመሪያዎች አያነሱትም። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የባሕር ውኃ በዝቅታ ቦታ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ እዚህ ከ5 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ አራት ዓሣ የሚችል ገንዳ ሳንሱሲ ላይ ሁለት ቢይዝ ይበቃዋል፤ ላዩን የሚያናውጥ ፓምፕም ቀንና ሌሊት መሥራት አለበት።

ብርዱ ሌላው ነው። ኮራል 25 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፤ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት የቤቱ አየር ከዚያ 8 ወይም 10 ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል። ባለ 75 ዋት ሁለት ማሞቂያ ከባለ 150 ዋት አንዱ ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እስኪገዛ ያቆያል፤ አንዱ ሳይጠፋ ተጣብቆ ቢቀርም ብቻውን ውኃውን አያፈላውም። የገንዳውን ጀርባና ጎን በፎም መሸፈን የመብራት ቆጣሪውን ያሳርፈዋል። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው፤ ሙቀቱ የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ በባትሪ የምትሠራ የአየር ፓምፕ ከማንኛውም ጌጥ በፊት ትገዛለች። ሙቀቱን ለማቆየት አንድ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ገንዳው ላይ መጠምጠም በቂ ነው።

የባሕር ውኃ ሲተን ጨዉ ወደኋላ ይቀራል። በበጋ ደረቅ አየር ውስጥ ያለ ክዳን የተቀመጠ ገንዳ በየቀኑ ይጎድላል፤ የጎደለው መሞላት ያለበት በጨው አልባ በተጣራ ውኃ ነው። ጀማሪዎች ይህንን ይስቱና በጨዋማ ውኃ ይሞሉታል፤ ጨዋማነቱ ሳያውቁት ያሻቅባል። መስታወቱ ላይ በማርከር አንድ መስመር ማስመር፣ ጠዋት ጠዋት እስከዚያ መሙላት፣ ሪፍራክቶሜትር በሚባለው የጨዋማነት መለኪያ ጥግግቱ 1.025 ወይም 1.026 መሆኑን ማየት ነው።

ከዚህ በኋላ መጠበቅ ይመጣል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ዓሣ ቢገባ ራሱ በሚያወጣው አሞኒያ ይሞታል። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ እስኪበዙ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ባክቴሪያው በጠርሙስ ይሸጣል፤ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እንዲበሰብስ ጥሎ አሞኒያውን መፍጠር ይቻላል። የመመርመሪያ ጠብታዎቹ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ እስኪያሳዩ ገንዳው ድንጋይና ውኃ ብቻ ሆኖ ይቆማል። ጎረቤት “ዓሣው የታለ?” እያለ ቢያስቸግርም ይህ ጊዜ የሚታለፍ አይደለም።

የገንዳው ቦታ ቡና ከሚፈላበት ክፍል ራቅ ቢል ይመረጣል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃው ውስጥ ገብቶ ፒኤቹን ያወርዳል፤ 8.2 አካባቢ መቆየት የሚገባው ወደ 7.8 ሊንሸራተት ይችላል። መስኮት መክፈት ያስተካክለዋል። ፍሊት ግን በመስኮት አይስተካከልም። የበረሮና የትንኝ መርጫዎች ውስጥ ያሉት ፓይሬትሮይዶች ለዓሣና ለሽሪምፕ እጅግ መርዛማ ናቸው፤ ገንዳ ያለበት ቤት ፍሊት አይነፋበትም።

ለመጀመሪያ ነዋሪነት የሚመረጡት ለስላሳ ኮራሎች ናቸው፤ እንጉዳይ መሰሎቹ፣ እንደ ቆዳ የሚታጠፉት፣ እጃቸውን እየከፈቱና እየዘጉ የሚመቱት ዜንያዎች። ድንጋያማ አፅም ስለማይገነቡ ካልሲየም እምብዛም አይጨርሱም፤ ሥጋቸው ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ይሠሩላቸዋል። ሰማያዊ የሚያመዝንበት መጠነኛ የኤልኢዲ መብራት ይበቃል። ሌሎች ምንጣፍ የሚመስሉ፣ ዞአንተስ የሚባሉ አሉ፤ ውብና ርካሽ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ ይይዛሉ። ያለ ጓንት አይነኩም፤ የተጣበቁበት ድንጋይም ፈጽሞ አይቀቀልም። እንፋሎቱን የሳቡ ቤተሰቦች ሆስፒታል ገብተው ያውቃሉ።

ከዓሣ የሚመረጠውን ክላውንፊሽ ልጆች ሁሉ “ኒሞ” ይሉታል። ክላውንፊሽ ሁሉም ወንድ ሆኖ ነው የሚጀምረው፤ ከጥንዱ ትልቁ ሴት ይሆናል፤ ስለዚህ ሁለት ትንንሽ መግዛት ጥንድ ለማግኘት በቂ ነው። በእርባታ የተወለደው ከባሕር ከተያዘው ይልቅ ገንዳን ይለምዳል፤ ከአሥር ዓመት በላይ መኖርም ይችላል። የቀይ ባሕሩን ዝርያ ለሳይንስ ያስተዋወቀው በ1830 ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነበር፤ ይኸው ሰው ቆየት ብሎ ከምጽዋ ተነሥቶ እስከ ጎንደር ዘልቋል። በኒሞ ፊልም ውስጥ ያለው ሰማያዊ ዓሣ፣ ዶሪ፣ ግን 30 ሴንቲሜትር የሚደርስ ዋናተኛ ስለሆነ 60 ሊትር ውስጥ ማሰር ግፍ ነው።

እንስሳቱ ከውጭ ሲመጡ የእንስሳት ጤና ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ ደግሞ የዱር እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላሉ ያለ ወረቀት ድንበር አያልፉም፤ በኢትዮጵያ በኩል ጉዳዩ የሚመለከተው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ነው። ከጅቡቲ ጉብኝት ሲመለሱ የኮራል ቁራጭ ሻንጣ ውስጥ መክተት ስለዚህ ሕገ ወጥ ነው። አብዛኞቹ ለስላሳ ኮራሎች በዚያ ዝርዝር ውስጥ አለመኖራቸው ለጀማሪ ሌላ ምክንያት ነው።

በየሳምንቱ 6 ሊትር ቢቀየር ገንዳው በዓመት 11 ኪሎ ያህል የባሕር ጨው ይጨርሳል። አልካላይኒቲው፣ በተለይ የባይካርቦኔቱ መጠን፣ ሲወርድ የዳቦ ሶዳ በተጣራ ውኃ አሟሙቶ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ይቻላል፤ ሶዲየም ባይካርቦኔት ከሱቅም ቢገዛ ያው ነው፤ ቤኪንግ ፓውደር ተብሎ ከሌላ ነገር ጋር የተቀላቀለው ግን አይሆንም። አንድ የቆዳ ኮራል በደንብ ካደገ በኋላ በስለታም ምላጭ ለሁለት ሲከፈል ሁለቱም ይኖራሉ። ቁራጩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በላስቲክ ሳይጠብቅ ይታሰርና ፈሰስ ያለ ውኃ በሚያገኝበት ጥግ ይቀመጣል፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ራሱ ይጣበቃል። በሌሎች አገሮች የዘርፉ ሰዎች እንዲህ ዓይነት ቁራጮችን ይለዋወጣሉ፤ ሁለተኛው ሰው ገንዳውን የሚጀምረው ኮራል ሳይገዛ ነው።